ሰርቨሩ ጠፍቶም የሚቆጥረው ሒሳብ

እ.ኤ.አ. ከፌብሯሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የአማዞን ክላውድ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ኤደብሊውኤስ፣ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ አይፒቪ4 አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ ለሚታይ መለያ ቁጥር፣ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል። ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ መንገድ ላይ ወድቆ ቢገኝ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው የለም። በወር ግን 3.65 ዶላር፣ በዓመት 43.80 ዶላር ይሆናል፤ አድራሻውም አንድ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ከሚሠራ ሰርቨር ጋር የተያያዘ አድራሻ በአብዛኛው አይከፈልበትም ነበር። ክፍያው የነበረው ተይዞ ሥራ በፈታው ላይ ነው፤ እንደ ቅጣት። ለውጡ በጁላይ 2023 ማብቂያ ሲነገር፣ ስንት እንደሚጨምር ለማወቅ መጀመሪያ ያለውን መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ነፃ የነበረን ነገር ደግሞ ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ብዙ የተጻፈው ስለ ዋጋው ነው። ለእኔ ግን ዋጋው ያጋለጠው ነገር ይበልጥብኛል፦ በክላውድ ውስጥ ኔትወርክ ባለቤት የለውም። ሰርቨር ባለቤት አለው፤ ቢቆም የሚጮህ ቡድን አለ። ዳታቤዝም እንዲሁ። በመሃላቸው ያለው መስመር፣ መግቢያውና መውጫው፣ ትራፊክ አከፋፋዩ ግን አንድ ሰው አንድ ቀን ከቴምፕሌት ያስነሳው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም በስሙ ያልጠራው ነገር ነው። ብክነቱ የሚወለደው እዚያ ነው። ፈልጎ ማግኘቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ «ይህን አጥፉት» ብሎ የሚፈርም ሰው ማግኘቱ ነው ወር የሚፈጀው።

አንድ የሙከራ ኢንቫይሮመንት በወረቀት ላይ እንሥራ። ቴምፕሌቱ የተቀዳው ደንበኞች ከሚጠቀሙበት ዋናው ሲስተም ስለሆነ፣ ሙከራም ቢሆን በሦስት አቬይለቢሊቲ ዞኖች (አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲሠራ ተለያይተው በተሠሩ ዳታ ሴንተሮች) ተዘርግቷል። በየዞኑ አንድ ናት ጌትዌይ አለ፤ ከውስጥ ያሉ ሰርቨሮች ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበት በር ነው። ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ለሰርቨሮች የሚያከፋፍሉ ሁለት ሎድ ባላንሰሮች አሉ። ከአማዞን ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ጋር በግል መስመር የሚያገናኙ አምስት ኢንተርፌስ ኢንድፖይንቶችም በየዞኑ ተተክለዋል። ፕሮጀክቱ አለቀ። ቡድኑ ሰርቨሮቹን አጠፋ፣ የዳታቤዙን ኮፒ ይዞ ዘጋ፣ «ጨርሰናል» ብሎ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ።

የቀረውን በሰሜን ቨርጂኒያ ሪጅን ዋጋ፣ ወሩን 730 ሰዓት አድርገን እንቁጠረው። ናት ጌትዌይ በሰዓት 0.045 ዶላር ነው፤ ሦስቱ በወር 98.55 ዶላር። ሎድ ባላንሰር ለመኖሩ ብቻ በሰዓት 0.0225፤ ሁለቱ 32.85። ናት ጌትዌዮቹ ሦስት ፐብሊክ አይፒ ይዘዋል፣ ሎድ ባላንሰሮቹ በየዞኑ አንድ አንድ ስለሚወስዱ ስድስት፤ ዘጠኙ አድራሻ ሌላ 32.85። ኢንድፖይንት በአንድ ዞን በሰዓት 0.01 ነው፤ አምስቱ በሦስት ዞን አሥራ አምስት ሆነው 109.50። ድምሩ በወር 273.75 ዶላር፣ በዓመት 3,285 ዶላር። አንድም ሰርቨር አይሠራም፣ አንድም ተጠቃሚ የለም። ተከራይ በለቀቀው ቤት ቆጣሪው እየዞረ እንደሚቀረው ነው ብንል እንኳ አይመጥነውም፤ እዚህ አምፖሉም ጠፍቷል፣ ቧንቧውም ተዘግቷል፣ የሚከፈለው ለቆጣሪው ለራሱ ነው።

ከወር ክፍያዎቹ መካከል ትልቁ የኢንድፖይንቶቹ መሆኑን ልብ ይሏል። ብዙ ሰው «ሥራ የፈታ የኔትወርክ ዕቃ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት አይፒ አድራሻ ነው፤ ስሙ በዜና ስለተነሳ። ኢንድፖይንት ግን የሚተከለው በደኅንነት ክፍል ጥያቄ ነው፤ የተተከለበት ምክንያት «ለደኅንነት» ከሆነ ደግሞ ነቅሎ የሚጠየቅበት ሰው አይገኝም።

ሶፍትዌርን በሰርቨሮች ስብስብ (ክላስተር) ላይ በሚያስተዳድረው በኩበርኔትስ የሚሠሩ ሰዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንድ ዴቨሎፐር አገልግሎቱን ወደ ውጭ ለማውጣት በማኒፌስት ፋይሉ ላይ «ታይፕ፦ ሎድባላንሰር» የምትል አንዲት መስመር ሲጽፍ፣ ክላስተሩ ከክላውዱ አንድ ሎድ ባላንሰር ያዛል። አሥር አገልግሎት ካለ አሥር ይታዘዛል። ክላስተሩ ሲፈርስ አገልግሎቶቹ ቀድመው ካልተሰረዙ ግን አዛዡ ይሞትና የታዘዘው ይቀራል። መሠረተ ልማቱ ክላውዱን በኮድ በሚያዘው በቴራፎርም የተጻፈ ቢሆን እንኳ እነዚህ ሎድ ባላንሰሮች መዝገቡ ላይ የሉም፤ ቴራፎርም አልፈጠራቸውማ። የሚታወቁት ብዙ ጊዜ ኔትወርኩን ጠቅልሎ ለመሰረዝ ሲሞከርና «በውስጡ አሁንም በጥቅም ላይ ያለ ነገር አለ» የሚል ስህተት ሲመጣ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ስህተቱን ያየው ሰው መስኮቱን ይዘጋና ይወጣል።

ግማሽ ሳንቲሟ ከየት መጣች? አይፒቪ4 ባለ 32 ቢት አድራሻ ስለሆነ ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ አከፋፋይ አይያና የመጨረሻዎቹን ትልልቅ ብሎኮች ለአህጉራዊ መዝገቦች ሰጥቶ የጨረሰው በፌብሯሪ 2011 ነው። የሰሜን አሜሪካው መዝገብ በ2015፣ አውሮፓንና መካከለኛውን ምሥራቅ የያዘው በኖቬምበር 2019 ባዶ እጁን ቀረ። አፍሪኒክ፣ መቀመጫው ሞሪሺየስ የሆነው የአፍሪካ መዝገብ፣ ነፃ አድራሻ ይዞ የቀረ የመጨረሻው ስለነበር የዓለም ዓይን ወደቀበት፤ ከመዝገቡ የሾለኩ አድራሻዎች ቅሌት አስነሡ፣ ቀጥሎ የመጣው ሙግት ደግሞ በ2021 የተቋሙን የባንክ ሒሳብ እስከ ማሳገድ ደረሰ። ነፃው ሲያልቅ ገበያው ደራ። ገና በ2011 ማይክሮሶፍት ከከሰረው የካናዳው ኖርቴል 666,624 አድራሻ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ አንዱ በ11.25 ዶላር ማለት ነው። በ2019 አማዞን ለአማተር ሬዲዮ ሰዎች ተሰጥቶ ከነበረው ሰፊ ብሎክ አራት ሚሊዮን ያህሉን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰደ፤ አንዱን ወደ 26 ዶላር ገደማ።

ይህን ከኪራዩ ጋር ማስተያየት ነው። በ26 ዶላር የተገዛ አድራሻ ያለማቋረጥ ከተከራየ በስምንተኛው ወር ዋጋውን መልሶ ትርፍ ይጀምራል። ኩባንያው ለክፍያው የሰጠው ምክንያት አንድ አድራሻ ለማግኘት የሚያወጣው ወጪ በአምስት ዓመት ከ300 በመቶ በላይ መጨመሩን ነው። እውነት ነው። ግን ኪራዩ የሚከፈለው ድሮ በርካሽ ለተገዛውም፣ ጭራሽ ገበያ ሳይኖር ለተገኘውም ጭምር ነው። ስለዚህ ዋጋው አድራሻን ለመቆጠብም ነው የሚለውን ሁለተኛ ምክንያቱን ከነጥርጣሬው ነው የምቀበለው።

ጥርጣሬዬን የሚያጠናክር አንድ ነገር አለ። የቀድሞው አሠራር ለሚሠራው ነፃ፣ ለሥራ ፈቱ ግን ክፍያ ስለነበር ዋጋው ራሱ ብክነትን ይጠቁም ነበር። አሁን ሁለቱም እኩል ሆኑ። ጉግል ክላውድ ለሚሠራውም ያስከፍላል፤ ተይዞ ሥራ ለፈታው ግን ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍላል። መቆጠብ ከሆነ ዓላማው የጉግሉ ይሻላል እላለሁ።

ወደ ፍለጋው። በአማዞን የሒሳብ ዝርዝር ላይ ፐብሊክ አይፒ በሁለት መስመር ይወጣል፤ አንዱ «ኢን ዩዝ»፣ ሌላው «አይድል» ይላል። ሁለተኛው ከዜሮ ከበለጠ መመርመር ያለበት ነገር አለ ማለት ነው። ፐብሊክ አይፒ ኢንሳይትስ የሚባለው ነፃ ገጽ ደግሞ እያንዳንዱ አድራሻ ከምን ጋር እንደተያያዘ ያሳያል። ለናት ጌትዌይም ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ባይት። እኔ አንድ የማላውቀውን አካውንት ስከፍት ቀድሜ የማየው የእነዚህን የሁለቱን ዝምድና ነው። ሰዓት ኖሮ ባይት ከሌለ ጌትዌዩ ሳይሞት አይቀርም። ባይቱ ሰዓቱን ጥሎ ከሄደ ግን ሌላ በሽታ አለ፤ እመለስበታለሁ።

«አይድል» የሚለው መስመር ዜሮ ሆነ ማለት ቤቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከሞተ ሎድ ባላንሰር ጋር የተያያዘ አድራሻ በአማዞን ዓይን ሥራ ላይ ነው። ሎድ ባላንሰሩ መሞቱን ለማወቅ ደግሞ የጥያቄ ብዛት ብቻ ማየት አይበቃም፤ ፐብሊክ አይፒ ያለው ነገር ሁሉ ቀንና ሌሊት በሮቦቶች ይንኳኳል። ባለቤቱ የረሳው ሎድ ባላንሰር ግራፉ ላይ ሕያው መስሎ ይታያል። ሎጉን ከፍተው ሲያነቡት ነገሩ ይገለጣል፦ አንዱ የዎርድፕሬስ መግቢያ ገጽ ይፈልጋል፣ አንዱ የይለፍ ቃል ያለበት የኮንፊገሬሽን ፋይል ይሞክራል፣ አንዱ ያለ ዶሜይን ስም በቁጥሩ ብቻ ይመጣል፤ ለሁሉም መልሱ 503 ነው፣ ከጀርባ የሚመልስ ሰርቨር የለምና። እንዲህ ያለውን ሎግ ያየ ሰው መጠራጠር የለበትም።

በተቃራኒው ጸጥታም የሞት ማስረጃ አይሆንም። የአማዞኑን ትረስትድ አድቫይዘር የመሰሉ መሣሪያዎች ሥራ ፈት የሚሉት የቅርብ ቀናትን ወይም ሳምንታትን ትራፊክ አይተው ነው። እኛ አገር የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ለዓመት መዝጊያ የሒሳብ ማስታረቂያ ብቻ የሚያገለግል ቪፒኤን ከነሐሴ እስከ ግንቦት ቢያንቀላፋ አይገርምም። ጥር ላይ አይቶ «ይሄ ምን ያደርጋል» ብሎ የነቀለው ሰው ሰኔ ማብቂያ ላይ በስሙ ይፈለጋል። ከመሣሪያው በፊት የንግዱን ቀን መቁጠሪያ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የአሜሪካ ሶፍትዌር ሰኔ 30ን አያውቅም።

አሁን ወደዚያ ወደ ሌላው በሽታ። «ያልተጠቀምንበትን ፈልጉ» የሚለው ዘመቻ ዓይን ያስታል፤ ብዙውን ጊዜ ከባዱ ገንዘብ ያለው በከንቱ በሚደክመው ላይ ነውና። የዳታ ትንተና ሰርቨሮች ከኤስ3 ማከማቻ በወር 10,000 ጊጋባይት ያነባሉ እንበል። ሰርቨሮቹ ያሉት በውስጥ ኔትወርክ ስለሆነ መንገዱ በናት ጌትዌይ ያልፋል፣ ጌትዌዩም ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 0.045 ዶላር ይቆርጣል። በወር 450 ዶላር። ያውም ዳታው ከአማዞን ቤት ወጥቶ አማዞን ቤት ነው የሚገባው። ለኤስ3 እና ዳይናሞዲቢ ለተባለው ዳታቤዝ ጌትዌይ ኢንድፖይንት የሚባል ክፍያ የሌለው መንገድ አለ፤ ቀደም ሲል ከቆጠርናቸው ባለ ሰዓት ክፍያ ኢንድፖይንቶች የተለየ ነው። ኔትወርኩ ውስጥ ይፈጠራል፣ የትራፊኩን መንገድ በሚመራው ራውት ቴብል ላይ አንድ መስመር ይገባል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰርቨሮቹ የሚያነቡት ያው፣ 450ው ግን ዜሮ ነው። ያቺ አንድ መስመር ከ120 በላይ ሥራ ፈት አድራሻ አንድ በአንድ ለቅሞ ከማጥፋት ትበልጣለች።

የኮንቴይነር ኢሜጅም እንዲሁ ነው። የአማዞን የራሱ ሪጅስትሪ የኢሜጅ ንብርብሮቹን የሚያስቀምጠው ኤስ3 ላይ ስለሆነ፣ ይህችው መስመር በሌለችበት ኔትወርክ አዲስ ሰርቨር በተነሳ ቁጥር ኢሜጁ ሙሉ በሙሉ በናት በኩል ይወርዳል። በቀን ደጋግሞ ዲፕሎይ የሚያደርግ ቡድን ለአማዞን ዕቃ ከአማዞን ለማምጣት መጓጓዣ ይከፍላል። ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው የሚሻገር ትራፊክም በየአቅጣጫው በጊጋባይት 0.01 ዶላር አለው፤ ሦስቱን ናት ጌትዌይ ወደ አንድ ዝቅ አድርጎ ከ65 ዶላር በላይ ያተረፈ ሰው ይህንን ሳያሰላ ከሆነ ትርፉን በሌላ በር መልሶ ሊከፍል ይችላል። ለሙከራ ኢንቫይሮመንት አንድ ናት ይበቃል፤ ለዋናው ሲስተም ግን ናቱ ያለበት ዞን ሲወድቅ ሌሎቹም መውጫ ያጣሉ። እዚህ ላይ ቁጠባ ማለት አደጋ መግዛት ነው፤ የሚወስነው ሰው አውቆ ይወስን።

ፍሌክሴራ የተባለ ኩባንያ በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት፣ በ2024 የተጠየቁት ድርጅቶች ከክላውድ ወጪያቸው 27 በመቶው ይባክናል ብለው ገምተዋል። ግምቱ የራሳቸው የአባካኞቹ ነው፤ እንደዚያ ነው ማንበብ ያለብን። ለእኔ የሚገርመው ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ሳይሆን በየዓመቱ እያወቁት ብዙም ፈቅ አለማለቱ ነው።

ፈቅ የማይለው ሚዛኑ ስለተዛባ ነው። አንድ የተረሳ ሎድ ባላንሰር ያጠፋ ኢንጂነር በወር 16 ዶላር አተረፈ፤ ማንም አያመሰግነውም፣ ምናልባትም ማንም አያውቅለትም። ያጠፋው ነገር ይሠራ ከነበረ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ስብሰባ አለ። ከዚህ በኋላ «እስቲ ይቆይ» ማለቱ ስንፍና ተብሎ ሊወቀስበት አይገባም።

በፋይናንስ ሲስተም ላይ የሠራ ሰው አንድ የተለየ ፍርሃት ያውቃል። ከባንክ ጋር ሲስተም ለማገናኘት ሲነሱ ባንኩ «የምትመጡበትን አይፒ አሳውቁን» ይላል። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ የደኅንነት ክፍሉ ያየዋል፣ በፋየርዎላቸው ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ባንኩ ከዚያ አድራሻ ውጭ ማንንም አያስገባም። ሰርቨሩ ሲቀየር አድራሻው ለጊዜው ተነጥሎ «አይድል» መስመር ላይ ይወጣል፤ የጽዳት ስክሪፕቱ ደግሞ ሥራ ፈት አግኝቷልና ይለቀዋል። የተለቀቀ አድራሻ ወደ ማከማቻው ይመለሳል፣ ሌላ ደንበኛ ከወሰደው መመለሻ የለውም። በወር 3.65 ዶላር ለማዳን አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ ማኅተም፣ የሳምንታት ደጅ ጥናት።

ከዚህም የባሰ አለ። አድራሻው ተለቅቆ በዲኤንኤስ፣ የዶሜይን ስምን ወደ አድራሻ በሚያመለክተው መዝገብ፣ ያለው ስም ካልተነሳ፣ አንድ ቀን አንድ እንግዳ ያንኑ አድራሻ ከማከማቻው ያገኘዋል። ያኔ በድርጅቱ ዶሜይን ሥር ያለ የሙከራ ስም ወደ እንግዳው ሰርቨር ይወስዳል። ነፃ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት ሰጪዎች የሚያረጋግጡት ጠያቂው ስሙ የሚያመለክትበትን ሰርቨር መቆጣጠሩን ስለሆነ፣ እንግዳው ሕጋዊ ሰርተፍኬት አውጥቶ በድርጅቱ ስም ገጽ መክፈት ይችላል። አጥቂዎች ሆን ብለው አድራሻ እየወሰዱና እየመለሱ እንዲህ ያለ ስም የሚያድኑበት ዘዴ የታወቀ ነው። ያለ ሥርዓት የተደረገ ጽዳት ከብክነቱ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው።

ሥርዓቱ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ስሙ ከዲኤንኤስ ይነሳል። ናት ጌትዌይ ከሆነ ራውቱ ብቻ ከቴብሉ ይወጣል፤ ጌትዌዩ ይቆያል፣ ክፍያውም ይቀጥላል። ሎድ ባላንሰር ከሆነ የመግቢያ ፈቃዱ በሴኩሪቲ ግሩፑ (በክላውዱ ፋየርዎል) ይዘጋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ባለሙያዎቹ የጩኸት ሙከራ ይሉታል፦ የሚጮህ ካለ መስመሩን በአንድ ደቂቃ መመለስ ይቻላል፣ የሚጮህ ከሌለ ይሰረዛል። አይፒ አድራሻው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚለቀቀው። ለአንድ ናት ጌትዌይ በጥበቃው ወር የሚከፈለው 33 ዶላር ገደማ የኢንሹራንስ ክፍያ ነው፤ እሱን መሰሰት አያዋጣም።

በዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር የአሜሪካ ድርጅቶችን ያሰበ ነው። እዚያ የኢንጂነር ሰዓት ከሎድ ባላንሰሩ የወር ሒሳብ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ «ትንንሾቹን ተዉአቸው፣ ትልልቁን ሰርቨር አሳንሱ» ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደመወዙ በብር ነው፣ የክላውዱ ሒሳብ በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ያ ሰርቨር አልባ የሙከራ ኢንቫይሮመንት በዓመት 187,000 ብር ገደማ ይበላ የነበረው 394,200 ብር መብላት ጀመረ፤ አንድም ዕቃ ሳይጨመርበት። በዚያ ገንዘብ የጀማሪ ፕሮግራመር የብዙ ወራት ደመወዝ ይሸፈናል፤ ጽዳቱ ግን የአንድ ሰው የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ዶላሩን ለማግኘት የሚጠበቀው ወረፋ ገና አልተቆጠረም።

ስታርታፖች ዘንድ ሌላ ወጥመድ አለ። አማዞንም ሆነ ሌሎቹ ለጀማሪ ድርጅቶች ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ሒሳቡ በየወሩ ይመጣል፣ ክሬዲቱ ይከፍለዋል፣ ከታች የሚታየው ቁጥር ዜሮ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተዘረጋው ባለ ሦስት ዞን ኔትወርክ ክሬዲቱ ባለቀ ማግስት በካርድ የሚከፈል ይሆናል። ዜሮውን ሳይሆን ከክሬዲቱ በፊት ያለውን ቁጥር ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚያይ ሥራ አስኪያጅ ጥቂት ነው።

ከአይፒቪ4 ኪራይ መሸሻው ቀጣዩ የአድራሻ ትውልድ፣ አይፒቪ6፣ ነው ይባላል። በከፊል ልክ ነው፤ አድራሻው አይከፈልበትም፣ ወደ ውጭ ለመውጣትም ናት አያስፈልገውም፣ በምትኩ የሚተከለው ኢግረስ ኦንሊ ጌትዌይ የሰዓት ክፍያ የለውም። ነገር ግን ክፍያው ሲጀመር ከአማዞን የራሱ አገልግሎቶች ብዙዎቹ በአይፒቪ6 አይደረስባቸውም ነበር፤ ኮድ የሚወርድበት ጊትሀብም ለዓመታት በአይፒቪ4 ብቻ ነው የቆየው። የባንኩ ፋየርዎልማ አይነሳ። ለጊዜው የሚሆነው ቅልቅል ነው፦ ውስጡን በአይፒቪ6 አድርጎ፣ ወደ ውጭ የሚታየውን አይፒቪ4 በጥቂት የጋራ ሎድ ባላንሰሮች ላይ መሰብሰብ። አንድ ሎድ ባላንሰር በስም እየለየ ለብዙ አገልግሎቶች ማከፋፈል ስለሚችል ለእያንዳንዷ ትንሽ አገልግሎት አንድ አንድ መትከል ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም።

የጽዳት ዘመቻን ብዙም አላምንበትም። በዓመት አንዴ ይነሳል፣ ብዙ ይጠፋል፣ በስድስት ወር ያው ይሆናል። የሚያዋጣው ዕቃው ሲፈጠር የሚደረገው ነው። እያንዳንዱ ናት ጌትዌይ፣ ሎድ ባላንሰር፣ ኢንድፖይንትና አድራሻ ሲፈጠር ሁለት ታግ ይለጠፍበት፤ ባለቤትና ማብቂያ ቀን። ታግ የሌለውን ሲስተሙ አይፍጠረው። ባለቤቱ የሰው ስም ባይሆን ይመረጣል፤ ሰው ይለቃል፣ የቡድን ስም ይቆያል። ማብቂያው ሲደርስ የሚሆነው ስረዛ ሳይሆን ያ የጩኸት ሙከራ ነው፤ ራውቱ ወይም የመግቢያ ፈቃዱ ተነሥቶ 30 ቀን ይጠበቃል። ሒሳቡም በየወሩ ለፋይናንስ ክፍል ብቻ ከሚሄድ በየቡድኑ ተከፍሎ ለየቡድን መሪው በብር ተመንዝሮ ይድረሰው።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሚሆኑ ነገሮች ይኖራሉ፦ በባንክ የተመዘገቡ አድራሻዎች፣ ለሰኔ 30 የሚነሳው ቪፒኤን፣ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠው ተጠባባቂ መስመር። እነዚህ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው፣ ከእያንዳንዱ ፊት የጠየቀው ቡድንና ምክንያቱ ሰፍሮ ይቀመጡ፤ ስክሪፕቱም አይንካቸው። ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ ካለፈ ግን ሰው የራሱን የተረሳ ዕቃ እየደበቀበት ነውና፣ የየመስመሩን ባለቤት ጠርቶ «ይሄ ለምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።